ከአዲሱ ምንጣፍ የወጣው

ፓተንት ከወጣለት ገና ሦስት ዓመቱ የሆነውን የአቧራ መምጠጫ ማሽን ይዤ የለንደንን ቤቶች እዞራለሁ። ቱቦው መሃሉ ላይ መስታወት ስላለው፣ ወይዛዝርቱ ተጠራርተው የሰው ቤት እድፍ ሲያልፍ እያዩ ኬክ ይበላሉ።

ወይዘሮ ትሬድጎልድ ግን የጠራችኝ በቤቷ ንጽሕና ጎረቤቷን ለማሳፈር ነው። ምንጣፉ የዚያን ዕለት ጠዋት ከሱቅ የመጣ ነበር።

«ለእንግዶቼ ባዶ ቱቦ አሳያቸው» አለችኝ፣ ሙሉ ጥርሷን እያሳየች ስቃ።

ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ ሽበት መጣ፤ ረጅም፣ እርጥብ፣ መስታወቱ ላይ የሚጣበቅ። ቀጥሎ ጥፍር።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ሃንኮክ ኬኳን አስቀመጠች። «ከማን ነው የገዛሽው? ከመቃብር ቆፋሪ?»

ወይዘሮ ትሬድጎልድ ከንፈሯን ገጠመች።

ከዚያ ጥርስ መጥቶ መስታወቱን ኳ አደረገው። ሥሩ ላይ ሥጋ ነበረበት። ማሽኑን አጠፋሁ።

«እመቤቴ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ አይደለም» አለች። የፊት ጥርሷ የነበረበት ቦታ ደም ያቆረ ጉድጓድ ሆኗል።

በጠፋው ማሽን ቱቦ ውስጥ ሁለተኛው ጥርስ ኳ አለ።