የስድስተኛው ቀሚስ ዶቃ

ሰውየው ለሦስተኛ ቀን ከሱቁ ፊት ለፊት ማንጎው ሥር ቆሟል። ፍርዶስ በመስኮቱ አየችውና መቀሷን አስቀመጠች።

«ዛሬም መጥቷል።»

«አይቻለሁ» አለች አባንግ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

ጋምቤላ ገበያ ዳር ያለችውን ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ ሁለቱ ከያዟት አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ፍርዶስ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ልጅ ናት፤ ትቆርጣለች፣ ከደንበኛም ጋር የምትጨቃጨቀው እሷ ናት። አባንግ አኙዋ ናት፣ ከጎግ ወረዳ የመጣች፤ ትነድፋለች፣ ትሰፋለች፣ ብዙ አትናገርም።

አዲስ አበባ የሚካሄደው የፋሽን ሳምንት ከየክልሉ ጀማሪ ዲዛይነሮችን ሊመርጥ ነው። የጋምቤላው ማጣሪያ ቅዳሜ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ይደረጋል። አባንግ ለዚያ ስድስት ቀሚስ አዘጋጅታለች።

አምስቱ ቆንጆ ናቸው። ስድስተኛው ግን ሌላ ነው፤ ከአንገት እስከ ወገብ በዲሙይ ተሸፍኗል። ዲሙይ የድሮ ሰማያዊ ዶቃ ነው፤ አኙዋ ሚስት ሲያገባ ለልጅቷ ቤተሰብ የሚሰጠው፣ ዛሬ ገበያ ወጥተው ቢፈልጉት የማይገኝ። አባንግ ከአክስቶቿና ከአጎቶቿ ቤት ፍሬ በፍሬ ስትለቅም ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል።

አሰፋፏ ግን ለፍርዶስ አልገባትም። ያ ሁሉ ዶቃ በአንድ ረጅም ክር ነው የተያዘው፤ ጫፉን የሳበ ሰው ሁሉንም ያወርደዋል።

«ኧረ እህቴ፣ መድረክ ላይ ቢበጠስስ? አጥብቀሽ ስፊው እንጂ።»

«አይበጠስም። እንዲህ ይሻላል።»

ፍርዶስ ዝም አይነቅዝም ብላ ተወችው። ሰው በሙያው ሲመጡበት አይወድም፤ እሷም አትወድም።

እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነበር። ማንጎው ሥር የሚቆመው ሰው ኦጁሉ ይባላል፤ አባንግ ትታው የመጣችው ባሏ ነው። ፍርዶስ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ደግሞም አባንግ ወደ ከተማው በመጣች ቀን የግራ ክንዷ በፋሻ ታስሮ እንደነበር። ስለዚያ ቤት አንድም ቀን አውርታ አታውቅም። ፍርዶስም አልጠየቀቻትም። አዲስ አበባ ብትሄድ ከዚህ ሰው ትገላገላለች እያለች ግን በየሶላቷ ዱዓ ታደርግላት ነበር።

ሐሙስ ዕለት አባንግ አዳራሹን ልታይ ስትወጣ ኦጁሉ መንገዱን ተሻግሮ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ስድስተኛው ቀሚስ እያመለከተ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። ምን እያደረገ እንደሆነ ለፍርዶስ የገባት ቆይቶ ነው፤ ይቆጥር ነበር።

«ዶቃ ሁሉ እዚህ ነው?» አላት።

«ምን አገባህ አንተ?»

«ሌላ ቦታ የለም? ይሄ ብቻ?»

«ሂድልኝ። ፖሊስ እጠራለሁ።»

ሰውየው አልተቆጣም። «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብሎ መንገዱን ተሻገረ።

አባንግ ስትመለስ ፍርዶስ ሁሉንም ነገረቻት። «ቀሚሱን ቀዶ ዶቃውን ቢወስደውስ? አንቺንስ ከሰው መሃል ጎትቶ ቢያወጣሽ?»

«ተይው ፍርዶስ» አለች አባንግ። «ቅዳሜ ሁሉም ያልቃል።»

ይህን ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ፍርዶስ ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው ብላ አሰበች፤ የምታደርገውንም የዚያን ጊዜ ወሰነች።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያዎቹ ቆመዋል፤ ሰዉ ሁሉ በፕሮግራሙ ወረቀት ፊቱን ያራግባል። አባንግ ከጎግ ያስመጣቻቸው ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት አደራ ብላለች። አንዱ ዳኛ ዘግይቶ ሊመጣ ነው መሰለኝ አለች ፍርዶስ በሆዷ።

እሷ ከሁሉ አስቀድማ በሩ ጋ ሄዳ ነበር። የሆቴሉ ዘበኛ ዳምጤ በሰፈራው የወላጆቿ ጎረቤት ነው።

«ጋሽ ዳምጤ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ረጅም ሰውዬ ይመጣል። እባክህ እንዳታስገባው። ጓደኛዬን ሊያጠፋብኝ ነው።»

«እኔ እያለሁማ አይገባም፣ ልጄ። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

አምስቱን ቀሚሶች ሞዴሎች ለብሰው ወጡ። ስድስተኛውን አባንግ ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ ለበሰችው። ስትወጣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዳኞቹ አንዷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ፍርዶስ ከመጋረጃው ኋላ ሆና አለቀሰች።

አባንግ ግን ከመድረኩ ጫፍ ደርሳ አልተመለሰችም። የክሩን ጫፍ በጣቷ እንደያዘች ባዶውን ወንበር አየች፤ ቀጥላ በሩን አየች። ሽማግሌዎቹም ዞረው በሩን አዩ። ጭብጨባው እየቀዘቀዘ ሄደ። አንደኛው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀና በትሩን ይዞ ተነሳ፤ ሁለተኛውም ተከትሎት ወጣ።

ፍርዶስ ወደ በሩ ሮጠች።

«ጋሽ ዳምጤ፣ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር እንጂ። ካርድ እያሳየ ሦስቴ ለመነኝ። ካርድ የያዘ ሁሉ እንግዳ አይደለም አልኩት። በመጨረሻ ተናደደና “ከእንግዲህ ዕድሜዋን ሙሉ ብትለምነኝ አልመጣም” ብሎ፣ ይችን ወርውሮልኝ በባጃጅ ሄደ።»

የተጨማደደ የጥሪ ካርድ ነበር። ፍርዶስ ጀርባውን ስትገለብጠው የአባንግን የእጅ ጽሑፍ አወቀችው።

«ኦጁሉ፣ ቅዳሜ ና። በሽማግሌዎች ፊት ዲሙይህን ቆጥሬ ልመልስልህና ፍታኝ።»