ዝም ያለው ጋን

ጠጁ ለምን አይፈላም? ሕዝቅኤል ጆሮውን ጋኑ ሆድ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ከተጣለ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ይሄኔ እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ነበረበት። ውስጡ ግን ጭጭ ብሏል።

እናቱ ኣስካል መቃኑን ተደግፋ ታየዋለች።

“ምን ይላል?”

“ምንም፣ ኣደይ።”

የመቐለ መንገድ ተዘግቶ ማር በጠፋበት ጊዜ ይህ ጠጅ ቤት የከረመው በስኳርና በሱቅ እርሾ ነው። ማሩ ከተመለሰ በኋላም ስኳሩ አልቀረም፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል። “ማር፣ ውኃና ጌሾ ብቻ” ብሎ የተሟገተው ጣሊያን አገር የወይን ጠመቃ ተምሮ የተመለሰው ሕዝቅኤል ነው። እሷም የዓመቱን ነጭ ማር በሙሉ እዚህ ጋን ውስጥ ገለበጠችለት። ይሄ ከከሸፈ ሌላ ማር የለም።

ቀረብ ብላ ክዳኑን አነሳችና የጋኑን አንገት በውስጥ በኩል ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች።

“ወደይ፣ እዚህ የነበረው ቅርፊት የት ሄደ?”

“ፋቅኩት። ሦስት ቀን በፈላ ውኃና በሶዳ ዘፍዝፌ። ጌሾውንም ቀቀልኩት። ንጹሕ ይሁን ብዬ…”

“ስድስት ዓመት ጣሊያን የከረምከው ዕቃ ማጠብ ልትማር ነው?” ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ አለቀ። “የአባትህ እናት መጀመሪያ ጠጅ ከጣለችበት ቀን ጀምሮ ይህን ጋን ሳሙና ነክቶት አያውቅም። እርሾው እሱ ነበር።”

ሕዝቅኤል ጥግ ያለው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

“ከየት ይገኛል ታዲያ?”

“የዚህ ጋን አምቡላ ያለው አክስትህ ኣልጋነሽ ጋ ብቻ ነው።”

ኣልጋነሽ የአባቱ እህት ናት፤ ዓይደር ሰፈር የራሷን ጠጅ ቤት ስትከፍት ከዚሁ ጋን ሥር ዝቃጩን ወስዳለች። ማር ሲጠፋ፣ እስኪመለስ ድረስ ቤቷን ዘጋች እንጂ ስኳር አልነካችም። ያኔ ኣስካልን ሰው ፊት “ስኳር በጥባጭ” አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ እንኳ አልተገናኙም።

“ስልክህን አውጣ” አለች ኣስካል። “ጻፍ። ‘ኣልጋነሽ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንድ ጆግ አምቡላ ስጪኝ።’” የተቀመጠበትን ጆንያ አየች። “‘ስኳሩን ትቼዋለሁ’ በልልኝ።”

ላከው።

“አየችው?”

“አይታዋለች።”

ኣስካል ክዳኑን መልሳ ስልኩን ከላዩ አስቀመጠችው። መስታወቱ እስኪጨልም ሁለቱም ቆመው ጠበቁ።

በሦስተኛው ቀን ኣስካል የስኳር ጆንያውን አፍ ስትፈታ፣ ከመልእክቱ ሥር አሁንም ምንም አልነበረም።