ጎርፍ ተሻጋሪው

ልብስ ሰፊው የሚስቱን የልቦለድ ረቂቅ እያነበበ ገጽ አርባ ላይ ሲደርስ ቅናቱ አገር የሚያቃጥል ሆነ። አንድ ትከሻ ሰፊ ጎረምሳ ደብዳቤ በጥርሱ ነክሶ፣ ዝሆን የሚጠርግ ጎርፍ በዋና ተሻግሮ ወደ ፍቅረኛው መጣ ይላል።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለ፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር እየጎተተ። «ልኩን ነው የማሳየው!»

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። «አንተ ነሃ፣ የኔ ጌታ! ሳንጋባ በፊት ‹ላንቺ ስል ሙሉ ወንዝ በዋና አቋርጬ መጣሁ› ብለኸኝ የለ? እሱን አምኜ አይደል ያገባሁህ?»

ልብስ ሰፊው ከጉልበቱ በላይ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሚስቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ያፈቀረችው ያንን ዋናተኛ ነበርና ቅናቱ ባሰበት። ሜትሩን በገዛ ትከሻው ላይ ዘርግቶ ቁጥሩን አየ።

«ለመሆኑ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዋና በዚህ ዕድሜ ይለመዳል?»