የጌታነሽ ድንጋይና የኮከቤ ጀርባ

«ከኔ መሬት አንዲት ጠጠር አትነሳም… አልኩ አልኩ።»

ጌታነሽ ናት። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ በሯ ላይ ቆማለች።

ፊት ለፊቷ የትምህርት ቤት አሠሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ተገኘ… ከኋላቸው ደግሞ ጎረቤቷ ኮከቤ።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ራቤል በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ቀበሌ።

እዚያ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ከጨረሰ ዕጣው ሁለት ነበር። ወይ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቁን ከቤቱ እየተሸከመ ይማራል… ወይ ይቀራል።

ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ መቅረቱ ይበዛል።

አሁን ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እዚያው እየተሠራ ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮው ከመንግሥት፣ ድንጋይና ጉልበቱ ከሕዝብ። ግንቡ ወገብ ላይ ደረሰና… ድንጋይ አለቀ።

ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ ካልለበሰ፣ ለመስከረም ዘጠነኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም።

ጥሩው የግንብ ድንጋይ ያለው ደግሞ ጌታነሽ ማሳ ጥግ ነው።

«ምን ያደርግልሻል ጌታነሽ? አይታረስ፣ አይታጨድ…» አሉ አቶ ተገኘ።

«ምንም አያደርግልኝም። ግን የኔ ነው።»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ… ነገሩ ድንጋዩ አልነበረም። ኮከቤ ናት።

ኮከቤ ቤቷን ቆርቆሮ ያለበሰች ቀን ጌታነሽን ራሷን ሲያማት ዋለ። የኮከቤ በጎች መንታ ሲወልዱ የሷ ይጨነግፋሉ። ኮከቤ ለባሏ በርኖስ ስታሠራ፣ እሷ ባሏን ቀብራ አንዲት ልጇን ሰርካለምን ይዛ ቀርታለች።

አጥር ለአጥር ናቸው… ማየት የማትፈልገውን ሁሉ ሳትወድ ታያለች።

የባሰው ግን የቀበሌው ስብሰባ ነው። ኮከቤ ብድግ ብላ «ሁለተኛ ደረጃ እኛም ጋ ይሠራልን፣ ልጆቻችን ደጃችን ይማሩ» አለች። ሰው አጨበጨበ። ኮሚቴ ውስጥም አስገባት።

«አየሽልኝ ተንኮሏን?» አለቻት ጌታነሽ ልጇን። «አመተሥላሴዋን ደጇ ላይ ልታስተምር ነው። ለሷ ልጅ ግንብ ደግሞ የኔን ድንጋይ…»

ሰርካለምና የኮከቤ ልጅ አመተሥላሴ አንድ ክፍል ናቸው። ሁለቱም ዘንድሮ ስምንተኛን ይጨርሳሉ።

ጌታነሽ ከዚያ ወዲያ ሰላምታም አቆመች። በሁለቱ ቤት መሃል ያለውን የድንጋይ ካብ ከፍ አድርጋ ካበችው። ዓይኗን እንዳላየው ብላ።

ድንጋይ ስትከለከል ኮከቤ ምን አደረገች?

ወንዝ እየወረደች መሸከም ጀመረች። ሌላው ሰው የሚወጣው በተራው ነው… እሷ በየቀኑ። ያንን ዳገት በባዶ እጅ የወጣ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ ያርፋል።

ጌታነሽ ራሷ በካበችው ካብ ላይ አንገቷን አስግጋ ታያታለች።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ «አይዞሽ ኮከቤ፣ ያበርታሽ» ሲል… እሱም አንገበገባት። ድካሟ እንኳ ይመሰገንላታል።

አንድ ቀን ሰርካለም ልብስ ስትቀይር እናቷ ጀርባዋን አየችው። ተላልጧል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድንጋይ ነው እማዬ። እትዬ ኮከቤን እያገዝኩ ነው።»

ጌታነሽ ሌላ ቃል አልሰማችም። ነጠላዋን ጎትታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች።

«አንቺ» አለች ግንበኞቹ ፊት። «ድንጋዬን ብነሳሽ ልጄን አህያ አደረግሻት? ለልጅሽ ትምህርት ቤት የኔ ልጅ ጀርባ ይላጥ?»

ኮከቤ የተሸከመችውን አወረደች። ላቧን ጠረገች።

መልሱን የሰጠችው ተከትላ የደረሰችው ሰርካለም ናት።

«እማዬ… አመተሥላሴ እዚህ አትማርም።»

«ምን?»

«መሐል ሜዳ አክስቷ ቤት ልትገባ ነው። ነገሩ ካለቀ ቆይቷል።»

ጌታነሽ ኮከቤን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ታዲያ አንቺ… ለማን ነው የምትሸከሚው?»

ኮከቤ እንደማፈር አለች።

«አምና በፋሲካ ሰሞን… ሰርካለምን ኪራይ ቤት ብቻዋን አልልካትም፣ ልድራት ነው ብለሽ ያለቀስሽ ጊዜ ሰምቼሻለሁ። አጥር ለአጥር አይደለን? እህቴን ሁለቱንም ያዢልኝ ብላት ቤቴ ለሁለት አይበቃም አለችኝ። ሌላ መላ ሳጣ ስብሰባው ላይ ተነሳሁ።»

ጌታነሽ እግሯ ላይ ወደቀች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልወደቀችም።

መጀመሪያ የተሰማት… ቅናት ነው። ከሁሉም የባሰው።

በቆርቆሮ ቀደመቻት። በበግ ቀደመቻት። አሁን ደግሞ በገዛ ልጇ ቀደመቻት።

ዞር ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰው ተቀየመች አለ።

ጥቂት ቆይታ ግን ተመለሰች። ከፍ አድርጋ ከካበችው ካብ ላይ ትልቁን ድንጋይ ተሸክማ።

ግንበኛው እግር ሥር ጣለችው።

«ማሳዬ ጥግ ያለውን ነገ መዶሻ ይዛችሁ ኑና አውጡ። እስከዚያ የአጥሩን ካብ አፍርሳችሁ ጫኑት።»

ከዚያ ወደ ኮከቤ ዞረች። 

«አንቺ ዛሬ ቁጭ በይ። ለልጄ የምሸከመው እኔ ነኝ።»

ቆርቆሮው የተመታው ክረምቱ ደጅ ላይ ሲደርስ ነው። ለሰርካለም የተላኩት ሽማግሌዎች በመጡበት እግራቸው ተመለሱ። መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል ገባች።

የሁለቱ ቤት አጥር ዛሬም አልተካበም። በጎቻቸው ይደባለቁና ሲለዩ በየማታው ይጨቃጨቃሉ።

ወዳጆቼ… ቅናት የሰው ቆርቆሮ ያሳየናል፣ የሰው በግ ያስቆጥረናል። የተላጠ ጀርባ ግን አያሳየንም። በሰው ከመፍረዳችሁ በፊት ሸክሙ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የእናንተው ሊሆን ይችላል።

እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ… የምትቀኑባት ጎረቤት ለልጃችሁ ድንጋይ ስትሸከም ብታገኟት፣ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ምስጋና ነው… ወይስ እንደ ጌታነሽ ሌላ ቅናት?