ቲቸር ወንዙ

ደምሰው ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። “የእኩል ይሆናልን ወንዝ የተሻገረ ቁጥር ልብሱን ይቀይራል” ማለት ስለሚያበዛ ተማሪዎቹ “ቲቸር ወንዙ” ይሉት ነበር። ባለፈው ሳምንት ያን ሁሉ ሒሳብ ለልጁ ለሶስና ሰጣት፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋ ደርሶ ነበር። በዚህ ዘመን ዕውቀት ከጭንቅላት ወደ ጭንቅላት ይተላለፋል። ግን እንደ ጋቢ ነው፤ ለሌላው ያለበሰ ራሱን ይበርደዋል።

ዛሬ ሶስና ደብተሯን ይዛ መጣች።

“አባዬ፣ አርምልኝ።”

እጁ እንደ ልማዱ ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ወዲያ ግራ ገባው። የመጀመሪያው መስመር፣ አምስት ኤክስ ሲደመር አሥር እኩል ይሆናል አርባ ይላል። ሁለተኛው፣ አምስት ኤክስ እኩል ይሆናል ሃምሳ። ሦስተኛው፣ ኤክስ እኩል ይሆናል አሥር። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፤ ጽሕፈቷም ያምራል። ታዲያ እንዲህ ያማረ ነገር ምን ስሕተት ይኖረዋል? ደግሞስ ልጅቷ ለምን ዓይን ዓይኑን ታየዋለች?

ትልቅ ራይት አደረገላት። “ጎበዝ!”

ሶስና ከንፈሯን ነከሰች።

“ሁለተኛው መስመር ላይ ሆን ብዬ ነው የተሳሳትኩት። ትንሽ እንኳ ተርፎህ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።” እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዳ ሃምሳውን ሰረዘችና ሠላሳ ጻፈች፤ የመጨረሻውንም መልስ ወደ ስድስት ለወጠች። “አሥሩ ወንዙን ሲሻገር ልብሱን ይቀይራል፤ መቀነስ ነው የነበረብኝ።”

የደምሰው ፊት በደስታ በራ።

“እንዴት ያለ አባባል ነው! እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳችሁ መምህር ማነው? አንድ ቀን አስተዋውቂኝ።”