የሳተው መብራት

ቡታጅራ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ ከመድረኩ በላይ አራት ተሽከርካሪ መብራቶች ተሰቅለዋል። መብራቶቹ ከአዲስ አበባ የመጡት ለአንጋፋው ተዋናይ ለጋሽ ሀብተጊዮርጊስ አዲስ ቴአትር ሲባል ነው። ፍቅርአዲስ በአዳራሹ የኋላ በኩል ከመብራት መቆጣጠሪያዋ ፊት ተቀምጣ ታዛቸዋለች። መሰላል ወጥቶ የሚሰቅላቸውና ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የሚሰጣቸው ሳኒ ነው። ቁጥሩ ከተዛባ መብራቱ ለሌላው የተላከውን ትእዛዝ ይሰማል።

ሥራው አስቸጋሪ አልነበረም። ጋሽ ሀብቴ በየትዕይንቱ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ እሷ መብራቱን አዙራ ፊታቸው ላይ ታሳርፍና ትመዘግበዋለች። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ስትጫን መብራቱ ራሱ ዞሮ ያገኛቸዋል።

አላገኛቸውም።

በመጀመሪያው ልምምድ ብርሃኑ ከጋሽ ሀብቴ አንድ እርምጃ ርቆ ባዶ ወለል ላይ ወደቀ። በማግስቱም እንዲያው።

«በጨለማ ልትቀብሩኝ ነው?» ብለው ጮኹ ጋሽ ሀብቴ።

ሁሉም ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ሳኒ መሰላሉን ወጣ።

«ቁጥሩ ልክ ነው። ወላሂ አልነካሁትም።»

የሺመቤት ፍቅርአዲስን ወደ ጥግ ሳበቻት። በቴአትሩ የጋሽ ሀብቴ ሚስት ሆና የምትተውነው እሷ ናት፤ «ቃል የሚይዝልኝ ጆሮዬ ነው» ስለሚሉ ቃለ ተውኔቱን የምታነብላቸውም እሷው ነበረች።

«ሳኒ ቂም ይዟል» አለቻት። «ባለፈው በር ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ቢነሳ ዝም ብለውት አለፉ። ‹እንደ ሰው አልቆጠሩኝም› ሲል ሰምቼዋለሁ።»

ፍቅርአዲስ አላመነችም። ከሳኒ ጋር የወልቂጤን ሰርግ፣ የጉብሬን ምርቃት ስንቱን አብረው ሠርተዋል።

በሦስተኛው ልምምድ ግን መብራቱ እንደገና ሳተ። ጋሽ ሀብቴ ወደፊት ተራመዱ፤ የመድረኩን ጠርዝ አልፈው ወደቁ። ግንባራቸው ተፈነከተ። ደማቸው ነጭ ጋቢያቸው ላይ ሲፈስ አዳራሹ በአንድ አፍ «ሳኒ!» አለ።

«ሂድልኝ» አለችው ፍቅርአዲስ።

«ፍቅሬ፣ አንቺም?»

ሳኒ መሰላሉን ከግድግዳው አስደግፎ ወጣ። ወደ አገሩ ወደ ቡኢ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈር ያዩት ሰዎች እያለቀሰ ነበር አሉ።

እሷም ራሷ መሰላሉን ወጣች። አራቱንም ፈተሸች፤ ቁጥሮቹ ሳኒ እንዳለው ልክ ነበሩ። ቢሆንም ሁሉንም አጥፍታ እንደ አዲስ ሰጠች፤ ቦታዎቹንም እንደ አዲስ መዘገበች። አሁን ከእሷ በቀር የነካው ሰው የለም።

ቴአትሩ በሚታይበት ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ልምምድ ጀመሩ። ግንባራቸው በፋሻ የታሰረው ጋሽ ሀብቴ የየሺመቤትን ክንድ ይዘው ወጡ፤ ለቀቋትና ቦታቸውን ያዙ። ፍቅርአዲስ ቁልፉን ተጫነች።

ብርሃኑ አንድ እርምጃ ርቆ ወደቀ።

የመዘገበችውን ትታ አራቱንም መብራቶች ከመቆጣጠሪያዋ በእጇ አንድ በአንድ እያዞረች ጋሽ ሀብቴ በቆሙበት ላይ አመጣቻቸው፤ ኃይላቸውንም እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ፋሻው፣ የጢማቸው ሽበት፣ የጉንጫቸው መስመር ሳይቀር ከሩቅ ታየ። አጠገባቸው የቆመችው የሺመቤት ብርሃኑ ቢያጥበረብራት ፊቷን በሁለት እጇ ከለለች።

ጋሽ ሀብቴ ዓይናቸውን እንዳፈጠጡ ወደ ፍቅርአዲስ ተጣሩ።

«በይ አብሪው እንጂ ልጄ፤ ሰዉ ሊገባ ነው እኮ!»