ዘግይቶ የሚመታው ግድግዳ

በዚያ በጋ የባሕር ጨው ወንዙን ተከትሎ ገብቶ ሩዙን አደረቀው። መንደሩ የሚጠጣውን ውኃ ከሩቅ በትከሻ ተሸከመ። ካይ ግን በየመንገዱ እየተቀመጠ ያለከልክ ነበር። ሽማግሌው አባቱ በጎረቤት ፊት «ሰነፍ» አለው።

አሁን ካይ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፤ አባቱና ሚስቱ አጠገቡ ቆመዋል። ሐኪሟ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ቢገባለት ይጠቅመው እንደሆነ በአልትራሳውንድ ታየው ነበር።

«ይዩት አባባ፤ ይኼኛው የልቡ ግድግዳ ሲጨመቅ ያኛው ዘግይቶ ነው የሚከተለው። በዚህ ልብ ውኃ መሸከሙ ይገርማል።»

የካይ ሚስት በምሬት ሳቀች። «ሥራ ጠልቶ ነው ተብሎ ነበር እኮ፣ ዶክተር።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «መሣሪያው... ያድነዋል?»

«ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ። መሣሪያው የሚጠቅመው እንዲህ ግድግዳዎቹ አብረው ለማይመቱለት ልብ ነው።»

ሽማግሌው እፎይ አለ፤ ልጁን «ሰነፍ» ብሎ ሰድቦ አሁን እፎይ ማለቱ ራሱ አሳፈረው። የአንገቱን ፎጣ ፈትቶ ከልጁ ደረት ላይ የአልትራሳውንዱን ቅባት በቀስታ ጠረገ።

«ተወው አባባ፣ እኔ እጠርገዋለሁ» አለ ካይ።

ሽማግሌው ግን መጥረጉን ቀጠለ። ጠርጎ ሲጨርስ ሄዶ በሩን ከፈተ። በጀልባ አብረዋቸው የመጡት ጎረቤቶች ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ስሙኝ» አላቸው ጮክ ብሎ። «ልጄ ታሞ ነው የከረመው። የበደልኩት እኔ ነኝ።»